«እንደ እሷ ነው መሆን የምፈልገው» ለምትል የ11 ዓመት ልጅ ምን ይባላል?

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ11 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ከኔ ጋር የማታወራው ነገር አልነበረም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን በአንዲት ዘፋኝ ፍቅር አብዳለች። ስሟን አልጽፍም፣ ዓለም የሚያውቃት ናት። ክሊፖቿ ላይ የለበሰችው ልብስ ከተባለ ልብስ ነው፣ ግማሹን ጊዜ ደግሞ አልጋ ላይ ናት። ሰሞኑን የልጄን ክፍል በር ገፋ ሳደርግ ቲሸርቷን እስከ ደረቷ ጠቅልላ፣ የኔን ሊፕስቲክ ተቀብታ፣ ስልኩን ፊት ለፊቷ አቁማ ዳሌዋን እያወዛወዘች ስትጨፍር አየኋት። ደሜ ፈላ። ስልኩን ነጠቅኳት። ‹እንደዚች ባለጌ ልትሆኚ ነው?› ብዬ ጮህኩባት፣ ዘፈኖቹንም በሙሉ አጠፋሁ። ‹እንደ እሷ ነው መሆን የምፈልገው!› ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ባለቤቴ ‹ልጅ ናት፣ ይወጣላታል፣ ተያት› ይላል። እናቴ ‹ዛሬ ካልቀጣሻት ነገ ታለቅሻለሽ› ትለኛለች። ይባስ ብሎ ትምህርት ቤታቸው የተሰጥኦ ቀን አዘጋጅቷል፣ እሷና ጓደኞቿ የዚያችኑ ዘፋኝ ዳንስ ሊያቀርቡ ነው። ከመጣላታችን በፊት እንደ እሷ ዓይነት ልብስ ግዢልኝ ብላኝ ነበር። ምን ላድርግ? ልከልክል ወይስ አይቼ እንዳላየሁ ልሁን? ግራ የገባት እናት።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ትንሽ ተንፍሺ። ልጅሽ አልጠፋችም። አልባለገችምም። ባልሽም እናትሽም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ ግን የአንዳቸውን ምክር እንዳለ ብትወስጂው ልጅቷን አታገኚያትም።

በሩን ገፋ ስታደርጊ ያየሽው ነገርና ልጅሽ ስታደርግ የነበረው ነገር አንድ አይደለም። አንቺ ያየሽው በትልቅ ሰው ዓይን ነው። ያ እንቅስቃሴ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለማን እንደሚደረግ፣ የሚያየው ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ። እሷ የምታውቀው እንቅስቃሴውን ብቻ ነው። እስከ ስምንት ይቆጠራል፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ዞር፣ ፀጉር ወደ ኋላ። ያንን በትክክል ለመሥራት ምናልባት ሳምንት ሙሉ ስትለፋ ከርማለች። በሩ ሲከፈት ልክ ተሳካልኝ ያለችበት ደቂቃም ሊሆን ይችላል።

እስቲ ዘፋኟን ከ11 ዓመት ልጅ ቁመት ሆነሽ እያት። መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማለች። መብራቱ ሁሉ እሷ ላይ ነው። ስታዲየም የሞላ ሰው ስሟን ይጠራል። አታፍርም፣ አትፈራም፣ «ቀስ ብለሽ ተናገሪ» የሚላት የለም፣ «ሴት ልጅ እንዲህ አትሆንም» የሚላት የለም። ወንዶቹ ከኋላዋ ተሰልፈው እሷ ያለችውን ነው የሚሠሩት። ሰውነቷ ከሳምንት ሳምንት እየተለወጠባት፣ ክፍል ውስጥ እጇን ለማውጣት እንኳ መሳቀቅ ለጀመራት ልጅ ይሄ ምን ያህል እንደሚማርክ መገመት አያቅትም። ልጅሽ «እንደ እሷ መሆን እፈልጋለሁ» ስትል «መራቆት እፈልጋለሁ» ማለቷ ላይሆን ይችላል። «መታየት እፈልጋለሁ፣ አለመፍራት እፈልጋለሁ» ማለቷ ሊሆን ይችላል። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ትክክለኛውን የምታውቀው እሷ ናት፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ደግሞ ጠየቅኳት የሚል ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም።

ይህን ስል ግን ከባልሽ ጋር ወግኜ «ተያት» ልልሽ አይደለም። ድንጋጤሽ ባዶ አይደለም።

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2007 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ትልቅ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ሴት ልጅ ከሌላው ማንነቷ ሁሉ ተነጥላ ዋጋዋ ወሲባዊ መስህቧ ብቻ ሲሆን፣ ቆንጆ መሆን ማለት «ሴክሲ» መሆን ብቻ ነው ሲባል፣ ወይም የትልቅ ሰው ወሲባዊነት ሕፃን ላይ ሲጫን ነው ጉዳቱ ይላል። ከዚህ ጋር አያይዞ የሚያነሳቸው ችግሮች ደግሞ የአመጋገብ መዛባት፣ ራስን ዝቅ አድርጎ ማየትና ድብርት ናቸው። ልብ በይ፣ ነገሩ የቀሚስ ርዝመት አይደለም። አንዲት ልጅ ራሷን ከውስጥ ሆና ከመኖር ይልቅ ከውጭ ቆማ «አሁን እንዴት ነው የምታየው?» እያለች መኖር ስትጀምር ነው ችግሩ።

ይሄ ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያሳይ አንድ የ1998 ጥናት አለ፣ እኔ ሁሌም ይገርመኛል። ተማሪዎችን ለየብቻ መስታወት ያለበት ክፍል አስገቧቸው። ግማሾቹ የዋና ልብስ ለበሱ፣ ግማሾቹ ሹራብ። ከዚያ የሒሳብ ፈተና ሰጧቸው። ክፍሉ ውስጥ የሚያያቸው ማንም የለም። እንደዚያም ሆኖ የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ያነሰ ውጤት አመጡ። ወንዶቹ ላይ ይህ ልዩነት አልታየም። ጭንቅላታቸው ግማሹ ሒሳቡ ላይ፣ ግማሹ ሰውነታቸው ላይ ነበር ማለት ነው። ጎበዝ ተማሪ ናት ያልሽኝን ልጅ አስቢና ይህን አስቢው።

ሌላም ልጨምርልሽ። ፊጂ ደሴቶች ውስጥ ናድሮጋ የሚባል አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 ነው። ያኔ ስለ አመጋገባቸው ከተጠየቁት ወጣት ሴቶች ውስጥ ለመክሳት ብላ ምግብ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም። ከ3 ዓመት በኋላ በ1998 ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው ሲጠየቁ 11.3 በመቶዎቹ ያስመልሱ ነበር። ያውም ሙሉ ሰውነት በሚወደድበት አገር። ስክሪን ላይ የሚታይ ሰውነት ልጅን አይነካም የሚል ሰው ይህን ምን ብሎ እንደሚያስረዳ አላውቅም።

ስለዚህ ስጋትሽ ልክ ነው። የተሳሳተው ያነጣጠርሽበት ቦታ ነው።

ምን ለማለት ነው? አንቺ የተናደድሽው ልብሷ ላይ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ግጥሙን ነበር የምሰማው። በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን 1,461 ልጆች ለተወሰኑ ዓመታት ተከታትሏል። ሴትን እንደ ዕቃ የሚቆጥሩ፣ ወንድን ደግሞ የማይጠግብ አውሬ የሚያደርጉ ግጥሞችን አብዝተው የሚሰሙት ልጆች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ቀድመው ወሲብ የመጀመር ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስለ ወሲብ የሚያወሩ ግን ሰውን የማያዋርዱ ዘፈኖች ላይ ይህ ግንኙነት አልታየም። አንዱ ሌላውን አመጣው ብሎ መደምደም አይቻልም፣ ግን ወዴት ማየት እንዳለብሽ ይጠቁማል። ከአንገት እስከ እግሩ የተሸፈነ ዘፋኝ ሴትን በየስንኙ ሊረግጣት ይችላል፣ በግማሽ እርቃኗ የምትዘፍነው ደግሞ «ካላከበርከኝ በሩ ያውልህ» እያለች ሊሆን ይችላል። ልጅሽ የምትወዳት የትኛዋ ናት? ግጥሙን አንብበሽዋል? ካላነበብሽው ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ምናልባት ከጠበቅሽው የባሰ ይሆናል። ምናልባትም ትገረሚያለሽ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። «ቅጪያት» ያሉት ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ክልከላ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ታሪክ አለው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቲፐር ጎር የምትባል አሜሪካዊት እናት፣ በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው የአል ጎር ባለቤት፣ ለ11 ዓመት ልጇ የዘፋኙን የፕሪንስን አልበም ገዛች። አዎ፣ ለ11 ዓመት ልጅ። ከዘፈኖቹ የአንዱን ግጥም ስትሰማ እንዳንቺው ደነገጠች። ሌሎች እናቶችን አሰባሰበች፣ ነገሩ በ1985 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ደረሰ፣ በመጨረሻም ያ «ወላጆች ተጠንቀቁ» የሚለው ጥቁርና ነጭ ምልክት አልበሞች ላይ መለጠፍ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ግን ሱቅ ገብተው ምልክቱ ያለበትን የሚፈልጉ ልጆች እንደነበሩ ይነገራል። ምልክቱ አይጠቅምም አልልም፣ ለወላጅ መረጃ ነው። የልጅን ፍላጎት ግን አላጠፋም።

ከዚህም የሚቀርብ ምሳሌ አለኝ። በ2012 የታተመ ጥናት ነው፣ ትንሽ ጥናት ነው፣ ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው 60 ሴት ልጆች ብቻ ናቸው የተሳተፉበት። ሁለት የወረቀት አሻንጉሊቶች ቀረቡላቸው፣ አንዷ አጭርና ገላ የሚያሳይ ልብስ የለበሰች፣ ሌላዋ ደህና ዘናጭ ግን ያልተጋለጠች። «የትኛዋን መምሰል ትፈልጊያለሽ?» ሲባሉ ብዙዎቹ የመጀመሪያዋን መረጡ። ገና የ6 ዓመት ልጆች! ግን ሁሉም አይደሉም። እናቶቻቸው አብረዋቸው ቴሌቪዥን እያዩ «ይሄ እውነት አይደለም፣ ይሄ ልክ አይደለም» እያሉ የሚያወሯቸው ልጆች ያቺን አሻንጉሊት የመምረጥ ዝንባሌያቸው አነስተኛ ነበር። በጣም ሃይማኖተኛ እናት ያላቸውና ሚዲያ እምብዛም የማያዩት ልጆች ደግሞ፣ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ፣ የተጋለጠችዋን ነው አብዝተው የመረጡት። ተመራማሪዎቹ ምናልባት የተከለከለ ነገር ስለሚያጓጓ ይሆናል አሉ። ሌላው የሚገርመው ደግሞ ዳንስ የሚማሩት ልጆች ያልተጋለጠችዋን አሻንጉሊት የመምረጥ ዝንባሌያቸው ከፍ ማለቱ ነው። ዳንስ! አንቺ ልታስቆሚው ያሰብሽው ነገር።

ስለዚህ ምን ታደርጊያለሽ?

መጀመሪያ «ባለጌ» ያልሽውን ነገር አጽጂ። አንቺ የተናገርሽው ስለ ዘፋኟ ነው፣ ልጅቷ የሰማችው ግን ስለ ራሷ ነው። ያን ሰዓት ሰውነቷን እያንቀሳቀሰች ነበር፣ ደስ ብሏት ነበር፣ እናቷ ገብታ ባለጌ አለች። ይሄ ነገር ሰውነትና እፍረት አንድ ላይ እንዲታሰሩ ያደርጋል፣ ያ ቋጠሮ ደግሞ ከየትኛውም ክሊፕ የበለጠ ይጎዳታል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ያን ቀን ደንግጬ ነው የጮህኩት። ያልኩሽ ቃል ልክ አልነበረም። ዳንስሽንም ሳላየው አቋረጥኩሽ፣ ስትፈልጊ አሳዪኝ» በያትና ተያት። ወዲያው ካልመለሰችልሽ አትጎትጉቻት። ቂም የምትይዘው ስለምትወድሽ ነው።

ከዚያ ክሊፑን አብረሽ እዪ። እውነቴን ነው። እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ እንግዳ ሁኚ፣ በየደቂቃው «ኧረ ኧረ፣ ይሄ ምኑ ነው?» እያልሽ ፊትሽን አታጨማድጂ። እሷ ታስረዳሽ። የትኛውን ቦታ ነው የምትወጂው? ይሄ እንቅስቃሴ እንዴት ነው የሚሠራው? ትንሽ ከተግባባችሁ በኋላ ጥያቄ ጣል አድርጊ፣ አንድ ወይም ሁለት ብቻ። ለምሳሌ «ወንዶቹ ምን ለብሰዋል?» ብለሽ ጠይቂያት። ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ብዙ ክሊፖች ላይ ሴቷ ብርድ በሚያስይዝ ልብስ ቆማ አጠገቧ ያለው ወንድ ጃኬት፣ ኮፍያና ወፍራም ሱሪ ለብሷል። የ11 ዓመት ልጅ ይህን አንዴ ካየች በኋላ ሳታየው ማለፍ አትችልም፣ ምንም ስብከት ሳይጨመርበት ራሷ ትስቃለች። ወይ «ካሜራው አሁን ምኗ ላይ ነው ያለው፣ ፊቷ ላይ ነው?» በያት። ወይ «ይሄን ልብስ የመረጠው ማነው ብለሽ ታስቢያለሽ?»

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ረጅም መንገድ ትወስዳችኋለች። ልጆች ዘፋኟን ብቻዋን ነው የሚያዩት። ከኋላዋ ዳይሬክተር፣ ስታይሊስት፣ የዳንስ አሰልጣኝ፣ የመብራት ባለሙያ፣ ምስሉን የሚያስተካክል ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘቡን ያወጣ ድርጅት አለ። አንዳንዷ ኮከብ በእርግጥ ራሷ አዛዥ ናት። ቢዮንሴ ከ2010 ጀምሮ የራሷ ኩባንያ አላት፣ ምን እንደምትለብስ የሚነግራት ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁሉም ግን ቢዮንሴ አይደሉም። ብሪትኒ ስፒርስ በ1998 የመጀመሪያ ዘፈኗ ሲወጣ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች፣ በተማሪ ዩኒፎርም፣ እምብርቷን አሳይታ ነው ዓለም ያወቃት። የዚያን ጊዜ እናቶች ልክ እንዳንቺ ይጠሏት ነበር፣ «ልጆቻችንን አበላሸች» ተብላለች። 16 ዓመቷ ነበር እኮ። እሷስ የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። በ2008 ፍርድ ቤት ገንዘቧንም የግል ሕይወቷንም ለአባቷ ሞግዚትነት ሰጠ፣ እስከ ኅዳር 2021፣ ማለትም ከ13 ዓመት በላይ በሞግዚት ሥር ቆየች። በመሃል ላስ ቬጋስ ውስጥ ለ4 ዓመታት መድረክ ላይ ትዘፍን ነበር። መድረክ ላይ ሲያዩዋት ንግሥት ናት፣ ወርዳ ግን ሌላ ልጅ ልውለድ ብትል እንኳ የወሊድ መከላከያውን እንዳታወጣ እንደተከለከለች በ2021 ለዳኛዋ ተናገረች። ይህን ታሪክ ለ11 ዓመት ልጅ በልኳ ብትነግሪያት ትረዳዋለች። ዓላማው ዘፋኟን እንድትንቃት አይደለም፣ እንድታዝንላትም አይደለም። ኃይል የሚመስል ነገር ሁሉ ኃይል እንዳልሆነ እንድታስተውል ነው።

እና እባክሽ የራስሽን ዘፋኝ አታምጪላት። ማለቴ «ይልቅ እከሊትን ስሚ፣ እሷ ጨዋ ናት» የሚባለውን። አይሠራም። በዚያ ላይ በልብስ ብቻ ጨዋ ብለን የምንመድባቸው ሰዎች ሕይወት እኛ እንደምናስበው አይደለም። ቢሊ አይሊሽን ተመልከቺ። ሰውነቴን ማንም እንዳይተችብኝ ብላ ሰፋፊ ልብስ በመልበስ ነው የታወቀችው፣ ስንት ወላጅ በእሷ ደስ ብሎታል። በ2021 የመጽሔት ሽፋን ላይ ጠበቅ ያለ ልብስ ለብሳ ስትወጣ ደግሞ የተከፋባት ብዙ ነው። በዚያው ዓመት በአንድ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ከልብሷ በእጅጉ የከበደ ነገር ተናግራለች፦ በ11 ዓመቷ አካባቢ የወሲብ ፊልሞችን ማየት ጀምራ እንደነበር፣ አእምሮዋንም በጣም እንደጎዳው። በ11 ዓመቷ። ያች ልጅ እኮ ሰፊ ቲሸርት ነው የለበሰችው።

ለዚህ ነው ከዘፋኟ ይልቅ ስልኩ የሚያሳስበኝ። እዚህ ላይ ከእናትሽ ጋር ነኝ፣ ጠበቅ በይ። ልጅሽ ስልኩን ፊት ለፊቷ አቁማ ነበር ብለሻል። እየቀረጸች ነበር? ከቀረጸች የት ነው የምታስቀምጠው? ይሄ ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ነው የያዘው፣ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ቲክቶክም ኢንስታግራምም መደበኛ አካውንት የሚፈቅዱት ከ13 ዓመት ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ «ሁሉም ጓደኞቼ አላቸው» ብትልሽም መልስሽ ዝግጁ ነው። ክፍሏ ውስጥ ብትጨፍር፣ ለጓደኞቿ ብትጨፍር፣ ሳሎን መሃል ለአንቺ ብትጨፍር ልጅ ናት። ያው ዳንስ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ግን የሚያየው ማን እንደሆነ አታውቂም፣ ኮሜንት የሚጽፈው ማን እንደሆነ አታውቂም፣ ሴቭ አድርጎ ምን እንደሚያደርገው አታውቂም። ይህን ሳታስፈራሪ ግን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያት። «ዳንስሽ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የሚያዩት ሰዎች ውስጥ መጥፎ ስላሉ ነው» በያት። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አንዱ ጥፋቱን እሷ ላይ ያደርጋል፣ ሌላው ጥፋተኛው ላይ። ስልኩም ማታ ማታ ከእሷ ክፍል ውጭ ይደር። የምታዳምጥበት መተግበሪያ ላይ ጸያፍ ቃል ያለባቸውን ዘፈኖች የሚያጠፋ ማስተካከያ ካለ፣ ስፖቲፋይ ላይ ለምሳሌ አለ፣ ነግረሻት አብሪው። ደብቀሽ አይደለም።

ስለ ሰውነቷም አሁን አውሪያት፣ ነገ አትበይ። የወር አበባ፣ ጡት፣ ወንዶች፣ «ሴክሲ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ፣ ሁሉንም። ይህን ቃል ከዘፈኑ ሰምታዋለች፣ ትርጉሙን ከማን እንድትሰማ ነው የምትፈልጊው?

አንድ ነገር ደግሞ ሳልልሽ አላልፍም፣ አትቀየሚኝ። አንቺ መስታወት ፊት ቆመሽ ስለ ራስሽ ምንድነው የምትዪው? «ወፈርኩ፣ ይሄ ሆዴ አስጠላኝ፣ ፎቶ አታንሱኝ» የሚባለውን ልጅ ይሰማል። ቤት ለመጣች ዘመድ መጀመሪያ የምንለው «ከስተሻል» ወይ «አምሮብሻል» ከሆነ፣ ሴት በመልኳ ነው የምትመዘነው የሚለውን ትምህርት ልጅቷ ከዘፋኟ አይደለም የተማረችው። ዘፋኟን በወር አንዴ አዲስ ክሊፕ ስታወጣ ታያታለች። አንቺን ግን በየቀኑ።

ባልሽም «ይወጣላታል» ብሎ ሶፋው ላይ አይተኛ። አባት ለሴት ልጁ ስለ ሒሳብ ውጤቷ፣ ስለ ቀልዷ፣ ስለ ሩጫዋ፣ ስለ ዳንሷም ጭምር ሲያወራላት ወንድ ሰው እሷ ውስጥ የሚያየው ብዙ ነገር እንዳለ ታውቃለች። ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ አንዷ ስትቀርብ «ኧረ ይቺ!» እያለ የሚያፏጭ ከሆነ ያንንም ትሰማዋለች። እንደዚያ ያደርጋል አላልኩም። ብቻ ጠይቂው።

ከቻልሽ የዳንስ ክፍል ፈልጊላት። እዚያ ሰውነት ሥራ ነው፣ ላብ ነው፣ ተሳስቶ እንደገና መሞከር ነው። የዘፋኟን ዳንስ መውደዷ ምናልባት መክሊቷን የምታገኝበት በር ይሆናል፣ ምናልባትም በሁለት ዓመት ውስጥ ተረስቶ ፊቷን ወደ ሌላ ነገር ታዞር ይሆናል። ሁለቱም ደህና ነው።

የቀረው የተሰጥኦው ቀን ነው። እኔ ብሆን እንድትሳተፍ እፈቅድላታለሁ። ጓደኞቿ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ሲዘጋጁ እሷን ብቻ ብታስቀሪያት የምታስታውሰው ያን ብቻ ነው። ልብሱን ግን አብራችሁ ምረጡ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ትዝለል፣ ታጎንብስ፣ እጇን ወደ ላይ ታንሳ፣ ልብሱን ወደ ታች መጎተት ወይ ወደ ላይ መሰብሰብ ካስፈለጋት ያ ልብስ ለዳንስ አይሆንም። ቀለሙን፣ ብልጭልጩን፣ ጫማውን እሷ ትምረጥ፣ እዚያ ላይ አትከራከሪያት፣ ይብረቅረቅ። ከዳንሱ ውስጥ አንድ ሁለት እንቅስቃሴ ካላማረሽ «ይሄን ቦታ በራሳችሁ ፈጠራ ብትቀይሩት» በያቸው፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የራሳቸውን ነገር መፍጠር ይወዳሉ፣ ከታዘዙ ግን እምቢ ይላሉ። የሌሎቹን ልጆች እናቶች ደውለሽ አነጋግሪያቸው፣ ግማሾቹ ያንቺኑ ጭንቀት ይዘው ዝም ብለው ሊሆን ይችላል። ለአስተማሪያቸውም ቀድመሽ ንገሪ፦ የልጆቹ ቪዲዮ የትምህርት ቤቱ ገጽ ላይም ሆነ በየወላጁ ቲክቶክ ላይ እንዳይወጣ፣ ይህን ደግሞ በዕለቱ መድረክ ላይ እንዲያስታውቁ።